በአንድ ክር የታሰሩ ሁለት ጋዜጦች

ያስጀመሩኝ ልጆቹ ናቸው። ባለፈው ከጊዮርጊስ ስንወርድ፣ አሁን መብራትና አበባ የተተከለበት ሰፊው የእግረኛ መንገድ ላይ ስደርስ፣ እንደ ልማዴ ቆም አልኩ። የልጄ ልጅ፣ «እማማ፣ እዚህ ጋ ሁሌ የምትቆሚው ምን አለ ብለሽ ነው?» አለችኝ። «ሰው ነበር» አልኳት። ጓደኞቿም ሰምተው ከበቡኝ። ስለ ጋሽ ይመር ገና አንድ ሁለት እንዳልኩ ታክሲ መጣና ወሬው ተቆረጠ። ከዚያ ወዲያ ባገኙኝ ቁጥር «ጨርሺልን» ይሉኛል። ወሬ ስጀምር ወዲያ ወዲህ ማለት ስለማበዛ፣ በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ተቀመጥኩ። ከመንገድ ብወጣ ታገሡኝ፤ እግሬም አፌም አንድ ቦታ መቀመጥ አይወዱም።

ጋሽ ይመር ሞቷል። ኋላ ተስፋ እንዳታደርጉ አስቀድሜ ልናገር። የነገረኝ የሠፈራችን ጫማ ሰፊ ነው። ክረምት ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር የምሸጠውን ጧፍ እየቆጠርኩ ሳለ መጥቶ፣ «ያ ጋዜጣ አከራዩ ወዳጅሽ ዐረፈ» አለኝ። ቁጥሩ ጠፋብኝ። ደግሜ ከአንድ ጀመርኩ፤ ደግሞ ጠፋብኝ።

ጋዜጣ ማከራየት ምን እንደሆነ የዛሬ ልጆች አታውቁትም። ጋሽ ይመር የተዘጋ ሱቅ ደረጃ ነበረው፤ ሦስት የድንጋይ እርከን። ጋዜጦቹን እዚያ ላይ ይዘረጋል። ሳንቲም ትሰጡትና አንዱን ወስዳችሁ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላችሁ ታነባላችሁ፤ ስትጨርሱ እንዳማረበት ትመልሳላችሁ። ያጣጠፈ ወዮለት! አብዛኛው ደንበኛ ሥራ ፈላጊ ነው። «ክፍት የሥራ ቦታ» የሚለውን ገልጦ ስልክ ቁጥሩን መዳፉ ላይ ይጽፋል። አንዳንዱ እጁን ሳይታጠብ ሳምንት ይከርማል።

ቀጭን ሰው ነበር፤ በልጅነቱ ከወሎ መጥቶ አራዳ ያረጀ። ገጽ ሲገልጥ ጣቱን በምራቁ አያርስም፤ ነውር ነው ይላል። የተቆረጠ ሎሚ በለስላሳ ክዳን ላይ አስቀምጦ ጣቱን እሱ ላይ ነካ ያደርጋል። ስለዚህ ከእሱ ዘንድ የተነበበ ጋዜጣ ሁሉ ሎሚ ሎሚ ይሸት ነበር። እኔ ንግሥ በሌለበት ቀን ጧፌን ይዤ ከደረጃው ጎን እቀመጣለሁ። እሱ ለሰላት ሲሄድ ጋዜጣውን እኔ እጠብቃለሁ፤ እኔ ቅዳሴ ስገባ ጧፌን እሱ። አንድ ቀን ስመለስ ለአንዲት ባልቴት፣ «ይቺኛዋ ቀጥ ያለች ናት፣ ቶሎም አታልቅም፤ ጸሎትዎ ሳያልቅ እሷ አታልቅም» እያለ ይሸጥልኛል። «አንተ እስላም፣ የጧፍ ሊቅ ሆንክ!» ብለው፣ «እታለም፣ ሁለታችንም የምንሸጠው ብርሃን አይደል?» ብሎኝ ሳቀ።

ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው፤ ደንበኛ በሚቀዘቅዝበት ሰዓት፣ በትልልቁ የጋዜጣ ርዕስ። መጀመሪያ ያነበብኩት ቃል «ማስታወቂያ» ነው። ይኸው ዛሬ በዚያው ፊደል ስለ እሱ እጽፋለሁ።

ከዚያ ያ ጦርነት መጣ። እኛ ዘንድ አይደለም፤ ሩቅ፣ በረዶ የሚወርድበት አገር። የራሳችን ሐዘን ገና ሳይደርቅ የሰው ጦርነት ምን አገባን ብለን ነበር። መንግሥታችንም ከማንም አልወግንም፣ ሁለቱም ወዳጆቼ ናቸው አለ። ያልወገነን ደግሞ ሁሉም ይፈልገዋል። በአንድ ግቢ ሁለት ሴቶች ሲጣሉ መሃል ቤት ያለችውን እንዴት እንደሚያባብሏት አይታችሁ የለ? አንዷ ሽሮ ትልካለች፣ ሌላዋ በርበሬ። እንደዚያች ሴትዮ ሆንን።

ሁለቱም ወገን እኛ አካባቢ የንባብ ክፍል ነበራቸው። የአንደኛው ከላይ ጊዮርጊስ አጠገብ፣ የሌላው ከታች ወደ ድልድዩ መውረጃ። ስም ማውጣት ለአራዳ ልጅ ማን ብሎት፤ «ላዮች» እና «ታቾች» አሏቸው። እኔም ከዚያ ሌላ ስም አልሰጣቸውም። ላዮች ባንዲራቸውን ከረጢቱ ላይ ለጥፈው ዱቄት ለድሃ አከፋፈሉ፤ በሳምንቱ ታቾች ዘይት ይዘው መጡ። ላዮች ቋንቋችንን በነፃ ተማሩ አሉ፤ ታቾች ዓይናችሁን በነፃ ተመርመሩ አሉ። ላዮች ጃንጥላ ሰጡ፤ ታቾች ቆብ። ጋሽ ይመር የታቾችን ቆብ ደፍቶ የላዮችን ጃንጥላ ዘርግቶ ይቀመጣል።

«ጋሼ፣ ታዲያ እርስዎ የማን ነዎት?» እያሉ ልጆቹ ሙድ ይይዙበታል።

«ፀሐይዋ የማን እንደሆነች ንገሩኝና ጃንጥላውን ለባለቤቱ እመልሳለሁ» ይላል።

ቀጥሎ ሁለቱም በአማርኛ የታተመ የየራሳቸውን ጋዜጣ በነፃ እያመጡ ይከምሩለት ጀመር። ወረቀቱ ያብረቀርቃል፤ ፎቶው ያምራል። በአንዱ ላይ ያሸነፈው በሌላው ላይ ተሸንፏል። ጋሽ ይመር ታዲያ አንድ ሥርዓት አወጣ። ሁለቱን ደርቦ በአንድ ክር ያስራቸዋል። የሚከራይ ሁለቱን ይከራያል፤ አንዱን ብቻ የለም።

«የላዮችን ብቻ ስጠኝ፤ የእነዚያ ውሸት ምን ሊያደርግልኝ?» ይለዋል አንዱ።

«ጫማ ስትገዛ አንድ እግር ነው የምትገዛው?»

«ጫማና ጋዜጣ አንድ ነው እንዴ?»

«አንድ ነው። በአንድ እግር የሄደ የትም አይደርስም፤ ዞሮ ዞሮ ያው ቦታው ላይ ነው።»

የትኛው ከላይ ይሁን የሚለው ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ። አንድ ቀን የቆዳ ቦርሳ ያንጠለጠለ፣ ታቾች ቤት የሚሠራ ያገራችን ልጅ መጣ። ትሑት ነው፤ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለን።

«አባባ፣ የእኛን ከላይ ቢያደርጉት ምን አለበት?»

«ትላንት ከላይ ነበር።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ የእነሱ ተራ ነው። ነገ ና፣ ከላይ ታገኘዋለህ።»

«ለእርስዎም የሚሆን ትንሽ ነገር አስበን ነበር...»

ጋሽ ይመር ሎሚውን ገፋ አደረገና፣ «ልጄ፣ ይኼን ሁሉ ዘመን እዚህ ስቀመጥ፣ ማንን እንደሚያምን ለሰው ነግሬ አላውቅም። የነገርኩት ቀን ጋዜጣ አከራይ መሆኔ ቀረ ማለት ነው። ያን ጊዜ እናንተ ቤት ወንበር ስጡኝ» አለው። ልጁ አፍሮ ሄደ። ከላዮችም አንዲት ልጅ መጥታ ያንኑ ጠይቃ፣ ያንኑ ሰምታ ሄደች።

ሳምሶን የሚባል ወጣት ነበረ። አፍንጮ በር ከእኔ ጋር በአንድ ግቢ ነው ያደገው። እናቱ አስካለ ባሏ ሞቶባት፣ የሰው ቢሮ እየጠረገች ብቻዋን ነው ያሳደገችው፣ ያስተማረችው። ስለ ሕንፃ ሥራ ተምሮ ተመረቀ፤ ቆቡን ደፍቶ የተነሳው ፎቶ ከቤታቸው ግድግዳ ትልቁ ጌጥ ነው። ከዚያ አራት ዓመት ሥራ ፈታ። በየቀኑ ደረጃው ላይ ይመጣል። ጋሽ ይመር ሳንቲም አይቀበለውም።

«ሥራ ስትይዝ ትከፍለኛለህ።»

«ጋሼ፣ የሁለት ዓመት ልምድ ይላሉ። ልምዱን ማን ይስጠኝ?»

«ሥራ የመፈለግ ልምድ ብለህ ጻፍ፤ አራት ዓመት ሞልቶሃል።»

ይስቃሉ። ሳቁ ግን እየቀጠነ መጣ። ልጁ እየከሳ፣ ዓይኑ እየሸሸ ሄደ።

አንድ ጠዋት ወደ ጊዮርጊስ ስወጣ ከላዮች በር ላይ ሰልፍ አየሁ። ወንድ ብቻ። ሁሉም ዲፕሎማውን በላስቲክ ይዟል። ላዮች ለውትድርና ሰው ይወስዳሉ፣ ደህና ደመወዝ አለው፣ ፓስፖርታቸውንም ይሰጣሉ የሚል ወሬ ነው ያሰለፋቸው። ቢሮው፣ እኛ ማንንም አልጠራንም የሚል ወረቀት ለጠፈ። ሰልፉ አልተበተነም። አንድ ደላላ በሰልፈኛው መሃል እየተሽሎከለከለ፣ «ወረቀቱ ለይምሰል ነው፤ በእኔ በኩል ነው የሚገባው» እያለ ስም ይመዘግባል። ሳምሶንም ተመዘገበ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ወደ ደረጃው መጣ። እኔ እዚያው ነበርኩ። አልተቀመጠም።

«ጋሼ፣ ተጠራሁ። ሐሙስ ነው። ጥበቃ ነው አሉኝ፤ መጋዘን ጥበቃ። ከጦርነቱ ሩቅ ነው።»

ጋሽ ይመር የጋዜጦቹን ክር ጠበቅ አደረገ።

«ልሂድ ወይስ ልቅር? እርስዎ የሚሉኝን እሰማለሁ።»

ጋሽ ይመር ጣቱን ሎሚው ላይ አሳረፈ፤ የሚገልጠው ገጽ ግን የለም። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ተናገር እንጂ፣ አልኩ በልቤ። በመጨረሻ በክር ከታሰሩት አንዱን ጥማድ አንስቶ ሰጠውና፣ «ሁለቱንም አንብብ። ራስህ ፍረድ» አለው።

ሳምሶን ወረቀቱን ተቀብሎ ትንሽ ቆመ። ሌላ ነገር የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ከዚያ ሳያነበው መለሰለትና፣ «እሺ ጋሼ» ብሎ ሄደ። ሐሙስ በረረ።

ሁለት ወር ያህል ስልክ ደወለ። ብርዱን ያወራል፤ እናቱ ገንዘብ እንደደረሳት ይጠይቃል። በሦስተኛው ወር ድምፁ ጠፋ። ከዚያ አብሮት ከሄደ ልጅ ፎቶ መጣ። ያን ፎቶ አልገልጸውም። አስካለ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ «ይሄ እሱ አይደለም፤ የእኔ ልጅ እንዲህ አይተኛም» እያለች ግቢውን ስትዞር ትዝ ይለኛል። አስከሬን የለ፣ ቀብር የለ፤ የምረቃ ፎቶውን ወንበር ላይ አስቀምጠን አለቀስን።

በአራተኛው ቀን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ ደረጃው መጣች። ሰው ሞልቷል፤ እያንዳንዱ ጋዜጣውን ይዟል።

«ይመር!» አለችው። ጋሽም አላለችው። «ልጄ አንተን ይሰማ ነበር። አባት የለው፣ አንተን ነበር አባት ያደረገ። አትሂድ ለማለት ምን ነበረብህ? አራት ፊደል ናት እኮ! አፍህ ላይ ምን ጋረደህ?»

ጋሽ ይመር ተነሣ። ቆቡን አወለቀ። ሰው ሁሉ ከጋዜጣው ቀና ብሎ ያየዋል።

«እውነትሽን ነው፣ አስካለ» አለ። ሌላ አልጨመረም።

«እውነትሽን ነው? በቃ?»

«እውነትሽን ነው።»

አፈር ከመንገዱ ዳር ዘግና ጋዜጦቹ ላይ በተነችው። እኔ ጎኑ ተቀምጬ ነበር። አንድ ቃል አልተናገርኩለትም። ምን ልበል? ልጁን «ራስህ ፍረድ» ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የዚያን ዕለት ጧፌን ይዤ ተነሣሁ፤ ለብዙ ቀን በዚያ በኩል አላለፍኩም።

ስመለስ ደረጃው ባዶ ነው። ጫማ ሰፊውን ብጠይቀው፣ «ላይ ነው፤ ሰልፉ ጋ» አለኝ። ወጣሁ። ጋሽ ይመር ከሰልፉ ራስ ቆሞ፣ ለእያንዳንዱ ወጣት በየተራ፣ «አትሂድ» ይላል። ስብከት የለ፣ ጩኸት የለ። «አትሂድ። አንተም አትሂድ። አንተስ የማን ልጅ ነህ? አትሂድ።»

«ይሄን ሼባ ታቾች ከፍለውታል!» አለ አንዱ።

«ድሮም የእነሱን ቆብ ነበር የሚያደርገው!» አለ ሌላው።

ዕድሜውን ሙሉ ከማንም ወገን ሳይሆን የኖረ ሰው፣ በስተርጅና ወገን ወጣለት። ታቾችም ሰሙ። ያ ባለቦርሳው ልጅ ፎቶ አንሺ አስከትሎ መጣ። «አባባ፣ ጀግና ነዎት። በጋዜጣችን ሽፋን ላይ እናወጣዎታለን» አለው። ጋሽ ይመር ፊቱን በእጁ ከልሎ፣ «በእናንተ በር እንዲህ ያለ ሰልፍ ባይ እዚያም እቆም ነበር። ሂድልኝ» አለው። ከዚያ በኋላ ላዮችም ታቾችም ጋዜጣ መስጠት አቆሙ።

ከሰልፉ ራስ ግን አልወረደም። ሲመሽ ይሄዳል፣ ሲነጋ ይመጣል። አንዳንዱ ልጅ እየተሳደበ፣ አንዳንዱ አንገቱን ደፍቶ ከሰልፍ ይወጣል። ስንት እንደወጣ አልቆጠርኩም፤ ጥቂት ናቸው። ደላላውን ግን እነዚያ ጥቂቶቹ አንገበገቡት። አንድ ቀን ግፊያ ተነሣ። ጋሽ ይመርን ማን እንደገፋው አላየሁም፤ ያየነው አስፋልቱ ላይ ወድቆ ነው። ዳሌው ተሰብሮ ነበር። በእሱ ዕድሜ ዳሌ የተሰበረ ሰው፣ ታውቁታላችሁ፣ የሚነሣው በሰው ትከሻ ነው።

ጠባብ ቤት ነበረችው። ዘመድ የለው፤ ጎረቤቶቹ በየተራ ያስታምሙታል። ሎሚ ይዤለት እሄዳለሁ፤ ለገጽ መግለጫ ሳይሆን ለሻዩ። ዱዓ ሊያደርግለት ከመጣው ሼህ እግር ሥር ቁጭ ብዬ እኔም በሆዴ እመቤቴን እለምንለታለሁ። አንድ ከሰዓት ብቻችንን ስንሆን ያስጨነቀኝን አወጣሁት።

«ይመር፣ ለዚያ ሁሉ ለማታውቀው ሰው ልጅ አትሂድ ስትል ከረምክ። ለሳምሶን እንዴት አንድ ቃል ጠፋህ?»

ዓይኑን ከጣራው ላይ አላነሣም። «እታለም፣ ተይው» አለኝ።

«ተይው ምን ማለት ነው? እኔ እኮ ጎንህ ነበርኩ።»

«ነበርሽ። ተይው።»

ተቀየምኩት። እውነቱን ልናገር። በሽተኛ ላይ ቂም መያዝ ኃጢአት መሆኑን እያወቅሁ፣ ይዤበት ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ያገኘሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ስለ ዝናብ አወራን። ከዚያ ጫማ ሰፊው መጣ።

ወደ እስላም መቃብር ስንሸኘው ሰው ብዙ አልነበረም። ወንዶቹ ተሸክመውት ገቡ፤ እኔ ከሴቶቹ ጋር ውጭ ቀረሁ። አስካለ አልመጣችም። አልፈረድኩባትም፤ ልጇን የሸኘላት አንድም ሰው የለም።

ከዚያ ሠፈሩ ፈረሰ። ደረጃውም፣ የተዘጋው ሱቅም፣ የእኛም ግቢ። እኔ ልጄ ቤት ገባሁ፤ አስካለ ከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ደረሳት። ተራርቀን፣ ተዘጋግተን ቆየን። ዓመታት አለፉ። ባለፈው ጾም መግቢያ ላይ እግሬ አላስቀምጥ ሲለኝ ሁለት ታክሲ ቀይሬ ልጠይቃት ሄድኩ። አርጅታለች። የምረቃው ፎቶ እዚያም ግድግዳው ላይ ነው። ስናወራ ስናወራ የጋሽ ይመርን ስም አነሣሁ፤ «ነፍሱን ይማረው፣ ያቺን ቃል ብቻ ቢናገራት» አልኩ።

አስካለ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«መጥቶ ነበር» አለችኝ።

«ማን?»

«ይመር። እኛ ቤት። የሳምሶንን መጠራት ከሰልፈኞቹ ሰምቶ ነው፤ ልጁ ለጉዞው ክትባት ሊወጋ ወጥቶ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ፣ ግባ ብለው እምቢ አለ። በሰው ነገር ገብቼ አላውቅም፣ ዛሬ ግን ልገባ ነው፤ ልጁን አትስደጂው፣ ነገ ሲመጣ እኔም አትሂድ ልለው ነው፣ አለኝ።»

«አንቺስ?»

«እኔማ... አራት ዓመት ጋዜጣህን ሲያነብ ሥራ አገኘህለት? አልኩት። ከቀረ ነገ የሚበላውን አንተ ትሰጠዋለህ? አልኩት። የልጄን እንጀራ እንዳትዘጋ ብዬ ያዝኩት። ለልጄ አትሂድ የምትል ቃል ከአፍህ እንዳትወጣ፣ እናቱ ለመነችኝ ብለህም ለማንም እንዳትናገር፣ ወላሂ በል አልኩት። እምቢ አለ። እግሩ ላይ ወደቅሁ። ያኔ ማለ።»

እሷ ቀጠለች።

«በማግስቱ ሳምሶን፣ እማዬ፣ ጋሽ ይመርን ጠይቄ ልምጣ፣ አትሂድ ካለኝ እቀራለሁ፣ አለኝ። ሂድ ጠይቀው አልኩት። ምን እንደሚመልስለት አውቅ ነበር።»